ወንበር ላይ የቀሩ ሻሾች

የጉባኤው ቀን ከጧት ጀምሮ ንፋስ ነበር። ዝናብ ሊያመጣ ነው ብለን ቀና ብንል ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ደረቅ ንፋስ ብቻ ነው፤ አቧራውን ከመንገድ እያነሳ የፋብሪካውን ግቢ ይጠርጋል። ከፈትል ክፍሉ ጀርባ የሚጣለው የጥጥ ብናኝ ተነስቶ የአጥሩ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል። ስብሰባው የሚደረግበት የመመገቢያ አዳራሽ ግማሹ መስኮት መስታወት የለውም። እህቴ በበሩ አጮልቃ አየችና «ዛሬ እነዚህ ሰዎች ወረቀታቸውን ሲያሳድዱ ሊውሉ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ስብሰባ ተነስቶ ስትስቅ አላየኋትም።

ታላቅ እህቴ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ፋብሪካው በሙሉ ከእኔ ሰምቶ እትዬ አላት፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እትዬ ፈትል ክፍል እየሠራች ልታስተምረኝ ሞከረች፤ ኑሮው አልገፋ ሲል ደብተሬን አስቀምጬ ከጎኗ ያለው ማሽን ላይ ቆምኩ። ማንም አላስገደደኝም። ማንም ደግሞ ተይ አላለኝም።

የጥጥ ብናኝ የሚይዘውን ሰው ይመርጣል። እኔን ተወኝ፣ የእሷን ደረት ያዘው። ሐኪሙ ከማሽን እንድትርቅ ጻፈላት። ያን ጊዜ ፋብሪካው የመንግሥት ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ሰው ማባረር አይሆንለትም፣ ማዛወር ነው የሚወደው። ወደ ሕፃናት ማቆያው አዛወሯት። አግብታ ነበር፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ልጅ አልወለደችም። ማቆያው ውስጥ ግን የጡት ልጆች፣ የሚድሁ፣ መሄድ የጀመሩ፣ ሁሌም ቤቱ ሙሉ ነው። አንዱ አድጎ ሲሄድ ሌላው በአንቀልባ ይመጣል።

ማቆያው ከፈትል ክፍሉ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሁለት ክፍል ነው። የማሽኑ ድምፅ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ቀኑን ሙሉ እምምም ይላል። ልጆቹ በዚያ ድምፅ ነው የሚተኙት። መብራት ሲጠፋና ማሽኖቹ ሲቆሙ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነቅተው ያለቅሳሉ። የፈትል ክፍል ካቦው፣ አለቃችን ማለት ነው፣ «እኔ ከምቆጣው የእናንተ ልጆች ይብሳሉ፤ ሥራ ሲቆም አይወዱም» እያለ ይቀልድ ነበር።

እዚያ ክፍል አንድ ደንብ ነበረን። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ስገባ ነበረ። አንዲት ሴት ልጇን ለማጥባት ስትወጣ ሻሿን ፈትታ ማሽኑ አጠገብ ካለው መንጠቆ ላይ ታንጠለጥላለች። የጎን ጎረቤቷ ያን ሻሽ ካየች ሁለቱንም ማሽን ትይዛለች፣ የተበጠሰውን ክር ትቀጥላለች። ሻሽ ያለበት ማሽን ባለቤት አለው። ካቦውም ያውቃል፤ ሻሽ ካየ ሴትየዋ የት ሄደች ብሎ አይጠይቅም፣ ቀሪም አያደርጋትም። ሥራ አስኪያጆች ሲመጡ ሲሄዱ ይህን ደንብ የነካ አልነበረም። የትም አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም።

በኋላ ፋብሪካው አክሲዮን ማኅበር ሆነ ተባለ። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ድርሻ አንድ ሀብታም ገዛው፤ እኛ እሱን አላየነውም፣ የሚመጡት ሰዎቹ ናቸው። ጥቂቱን መንግሥት ለራሱ አስቀረ። የቀረውን ደግሞ ለሠራተኛው አከፋፈሉት። ለእያንዳንዳችን ማኅተም ያለበት ወፍራም ወረቀት ሰጡን። እኔ የእኔን ከጋብቻ ወረቀቴ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ ፍራሽ ስር አደረግኩት። በማግስቱ ዘበኛው በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ «እንደምን አደራችሁ ባለሀብቶች» አለን። ከዚያ ወዲያ ስንገባም ስንወጣም ባለሀብቶች እያለን ቀረ። ሲፈትሸን ግን እንደ ድሮው ቦርሳችንን ገልብጦ ነበር።

ሥራው ያው ነው፣ ማሽኑም ያው። አዲስ የመጣው ስብሰባ ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ የጠቅላላ ጉባኤ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘበኛው ጮክ ብሎ አነበበልን፤ አንዱ ጉዳይ ከዋናው ሥራ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ንብረቶች ስለ ማስወገድ ይላል። ከስሩም ምን ምን እንደሆኑ ተጽፏል፤ አሮጌው ጋራዥ፣ የኳስ ሜዳው፣ የሕፃናት ማቆያው።

ከመካከላችን አንዲት ድምፀ ትልቅ ሴት ነበረች። ማሽን እየጮኸም ድምፅዋ ስለሚሰማ ሳይረን ነው የምንላት። ያን ጊዜ የአራት ወር ልጅ ማቆያው ውስጥ ነበራት። «ግንኙነት የለውም?» አለች። «ጡቴ ልብሴን እያራሰ ክር ልቀጥል ነዋ! እስኪ ይህን የጻፈው ሰው አንድ ቀን አጥብቶ ይፍተል።» ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ አልሳቀችም። ማስታወቂያው ላይ ማቆያው የተጻፈበትን ቦታ ዘበኛው በጣቱ እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ አሳያት፤ ቆማ አየችው።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች ተስፋ ሰጡን። ንብረት ለመሸጥ ድምፅ ከሰጠው ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ መደገፍ አለበት፤ ሀብታሙ ብቻውን አይደርስበትም። መንግሥት ዝም ቢል እንኳ ሠራተኛው ሁሉ እንቢ ካለ ነገሩ ይወድቃል አሉን። ሌላም ነገር ነበረ፤ ከሠራተኞቹ ባለአክሲዮኖች ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ጉባኤው ራሱ አይጸናም። ስለዚህ ሁላችሁም ኑ፣ አትቅሩ ተባልን። እትዬ ቤት ለቤት ዞረች። ደረቷ እያፏጨ ደረጃ ወጥታ ወርዳ፣ ልጅ ያላትንም የሌላትንም ለመነች። ለራሷ እንደማትለምን ነገረቻቸው። ሌላ ሥራ እንደማይሰጧት ግን ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ ደረት ማን ይቀጥራታል?

ሁላችንም መጣን። በር ላይ ፈረምን፤ ለእያንዳንዳችን ድምፅ ሲሰጥ የሚነሳ ቢጫ ካርድ ሰጡን። ማሽኖቹ ምሳ ሰዓት እስኪያልቅ እንዲቆሙ ተፈቅዶ ነበር። ልጆቹም እንደተጠበቀው ማቆያው ውስጥ ያለቅሱ ነበር፤ የእትዬ ረዳት ናት የያዘቻቸው። እኛ ፈትል ክፍሎች አንድ ላይ ከኋላ ተቀመጥን። እንጠብቃለን፣ ንፋሱ በመስኮቱ ይገባል፣ አይጀመርም። የመንግሥትን ድርሻ ይዞ የሚመጣው ሰው ገና አልደረሰም ተባለ። ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሊሞላ ነው። ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ፊቱ የደከመው ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ተቀይሮ እሱ ገና መሾሙ ነበር፤ አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየና ዘበኛውን ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀው።

ሰብሳቢው ንግግር ጀመረ። ያለፈው ዓመት ሥራ፣ የሚመጣው ዓመት ዕቅድ እያለ ይቀጥላል። የእኛ ጉዳይ መጨረሻ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት አለቀ። ካቦው በሩ ላይ መጥቶ የእጅ ሰዓቱን መታ መታ አደረገ። ማሽን መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ የቀኑ ሥራ ይጎድላል፣ የጎደለው ደግሞ በእኛ ላይ ነው የሚታሰበው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያየን፣ ከዚያ ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን።

እትዬ ጎንበስ ብላ «ሂዱ፤ ሻሻችሁን ጣሉ፣ እኔ አለሁ» አለች።

ማንም ሁለተኛ አላሰበበትም። ዕድሜያችንን በሙሉ የኖርንበት ደንብ ነው። ሻሻችንን ፈትተን ወንበራችን ላይ አነጠፍን፣ ቢጫ ካርዳችንን ከስሩ አደረግን፣ ጎንበስ ጎንበስ እያልን ወጣን። እኔም የእኔን ትቼ ወጣሁ። ንፋሱ ሻሾቹን ሲያነሳቸው እትዬ ወደ ማቆያው ሮጣ የልጆቹን የእንጨት መጫወቻዎች በቀሚሷ አቅፋ አመጣች፤ በእያንዳንዱ ሻሽ ላይ አንድ አንድ አስቀመጠች። ቀይ ኪዩብ፣ ሰማያዊ ኪዩብ፣ ጎማ የሌላት መኪና። ይህንን ያየው በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው፤ የቀረውንም የሰማሁት ከእሱና በኋላ ከእሷ ነው።

ከእኛ መውጣት በኋላ አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ ተነስቶ ሰው ቆጠረ። በወንበሮቹ መሐል እየሄደ በእስክሪብቶው ይጠቁማል። ሻሽ ያለበት ወንበር ጋ ሲደርስ አልዘለለም። አንድ በአንድ፣ ሻሾቹን ሁሉ ቆጠረ። እትዬ ይህን ስታይ ልቧ አረፈ። ይህ ልጅ ደንባችንን ያውቃል አለች በልቧ፤ እናቱ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳትሆን አትቀርም ብላም አሰበች። ሰብሳቢው ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ ስለተገኘ ጉባኤው የጸና ነው ብሎ አስመዘገበ።

ማቆያው ላይ ደረሱ። የምትደግፉ ተባለ፤ የሀብታሙ ሰዎች አነሱ፣ ከቢሮ ሠራተኞችም አንዳንዶቹ አነሱ። የምትቃወሙ ተባለ። እትዬ የራሷን ካርድ አነሳች። ከሽመና ክፍል የቀሩ ወንዶችም አነሱ። ከዚያ እትዬ ከወንበሯ ተነሳች፤ ወደ መጀመሪያው ሻሽ ሄደች፣ መጫወቻውን አነሳች፣ ከስሩ ካርዱን አውጥታ ወደ ላይ አደረገችው። መልሳ አስቀመጠችው። ወደሚቀጥለው ሄደች። 

ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አላት።

«ድምፅ እየሰጠሁ ነው። ይሄ የሳይረን ነው። ይሄ የእህቴ ነው።»

«የውክልና ወረቀት አለዎት?»

«ሻሻቸው አለ።»

ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቀም፤ ዘበኛው እንደነገረኝ በትሕትና ነው ያናገራት። «ሻሽ ድምፅ አይሰጥም፣ እህቴ» አላት።

እትዬ የያዘችውን ካርድ አላወረደችም። «ቅድም ቆጥራችኋቸዋል እኮ» አለች።

ሰብሳቢው ወደ ሕግ ባለሙያው ዞረ። ልጁ ቆሞ አስረዳ፤ ሰዎቹ ፈርመው ገብተዋል፣ ስለዚህ ተገኝተዋል፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን አልነበሩም፣ ስለዚህ አልሰጡም። ሁለቱም ነገር በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል አለ። ፊቱ አልተለወጠም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እትዬ ወደ ግራጫ ኮቱ ሰው አየች። እሱ የመንግሥት ድርሻ ድምፀ ተአቅቦ መሆኑን ተናግሮ ተቀመጠ። ስለ ማቆያው መመሪያ አልመጣለትም። የማቆያው ሽያጭ ጸደቀ።

እኔ ማሽኔ ላይ ነበርኩ። እትዬ ሻሾቹን ሁሉ ክንዷ ላይ ደርባ ፈትል ክፍል ገባች። እዚያ ጫጫታ ውስጥ መናገር አይቻልም። የእያንዳንዷን ሻሽ ለይታ ታውቃለች፤ በየማሽኑ እየዞረች በየመንጠቆው አንጠለጠለችው። የሳይረን ጋ ስትደርስ ሳይረን በዓይኗ ጠየቀቻት። እትዬ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሳይረን አፏን ከፍታ የሆነ ነገር አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ አልተሰማኝም።

ነገሩ በዚያ አላለቀም ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች ሴቶቹ በቆጠራው ሰዓት አዳራሽ ውስጥ እንዳልነበሩ ከተረጋገጠ ጉባኤው ይፈርሳል፣ ማቆያውም ለጊዜው ይተርፋል አሉ። እትዬና እኔ አውቶቡስ ይዘን የመንግሥት ድርጅቶችን ወደሚመራው መሥሪያ ቤት ሄድን፤ ግራጫ ኮቱን ሰው ፈለግነው። ኮሪደር ላይ ብዙ ከጠበቅን በኋላ አስገባን። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠን፣ ውኃ አስመጣልን፣ መጫወቻዎቹንም ያስታውሳል። ከመሰከራችሁ ጥያቄውን እኔ ራሴ አቀርበዋለሁ አለ፤ ግን ሁለት ሰው ስብሰባ አያፈርስም፣ የወጡት ሁሉ መጥተው መናገር አለባቸው።

እትዬ ውኃውን አልነካችውም። «ጌታዬ፣ ለመሆኑ የእኛ ፋብሪካ ባለቤቱ ማነው?» አለችው።

«የመንግሥቱን ድርሻ ባለቤት ማለትዎ ነው?»

«አዎ፤ ሄጄ የምለምነውን ሰው ይንገሩኝ። እርስዎ ነዎት?»

ሰውየው ኮቱን ወንበሩ ላይ አስተካከለ። «እኔ ተወካይ ነኝ» አላት። «የወከለኝን ሰው እኔም እየፈለግሁ ነው። አለቃዬ ተቀይሯል፣ አዲሱ ገና አልመጣም።»

ስንወጣ እትዬ «ደግ ሰው ነው» አለች።  አውቶቡሱ ውስጥ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ሴቶቹን እንደገና ዞረቻቸው። በዚያው ሳምንት ሠራተኛ ሊቀነስ ነው፣ ቅነሳውም ከፈትል ክፍል ይጀምራል የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ወሬው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የመጣበት ጊዜ ግን ለሀብታሙ ሰዎች ጥሩ ነበር። አንዷ ባሌን ላማክር አለች፣ አንዷ እናቴ ታማለች አለች፣ አንዷ ደግሞ እትዬን ከሩቅ ስታይ መንገድ ቀየረች። እትዬ ሳይረን ብቻ እሺ ካለች ሌሎቹ ይከተሏታል ብላ ታምን ነበር። ማቆያው ውስጥ ጠበቀቻት፤ እኔም ነበርኩ። ሳይረን መጥታ ልጇን አቅፋ ጡቷን ሰጠችው። እትዬ ጉዳዩን ነገረቻት። ሳይረን ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው።

«እትዬ፣ ፈርሜ ገብቻለሁ» አለች በማላውቀው ቀጭን ድምፅ። «ወጥቼ ነበር ካልኩ ፈርመሽ ለምን ወጣሽ ይሉኛል። ማቆያው ቢተርፍ እኔ ከተባረርኩ ልጄ እዚህ ምን ይሠራል? አንቺ ፍረጂኝ።»

እትዬ የሕፃኑን ካልሲ ጎትታ አስተካከለች። «አጥቢና ሂጂ» አለቻት፤ «ካቦው ይቆጣሻል።»

እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ማቆያው በወሩ መጨረሻ ተዘጋ። ቤቱን የሴራሚክ ነጋዴ ገዛው። ሳይረን በሁለተኛው ቅነሳ ወጣች፤ ብትመሰክርም ባትመሰክርም ትወጣ ነበር መሰለኝ። እኔ ትንሽ ቆየሁ። ሀብታሙ ድርሻውን ለሌላ ሸጠ፣ ሌላው ፈትል ክፍሉን ዘጋ፣ ማሽኖቹ በክሬን ተጭነው ሲወጡ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «ባለሀብቶች፣ እቃችሁ እየሄደ ነው» አለን። ቀልዱ ለእሱም አልጣመውም፤ እሱም ብዙ አልቆየም።

ማቆያው ከተዘጋ በኋላ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን እኛ ቤት ያመጡ ጀመር። እትዬ ተቀበለቻቸው። ልጆቹ ግን መተኛት አቃታቸው፤ ቤታችን ጸጥ ያለ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሬዲዮኑ በሁለት ጣቢያ መሐል ተከፍቶ ሽሽሽ ይላል። ላስተካክለው እጄን ስሰድ ተይው አለችኝ። ልጆቹ ተደርድረው ተኝተው ነበር።

ሰፈር ውስጥ ሻሽ ጠባቂዋ የሚሏት ነበሩ። በክፋት አልነበረም፣ ነገር ማሳመሪያ ነው፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፍ ነበር። ለእኔ ስለዚያ ቀን የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ምስር እየለቀምን። ሰብሳቢውን አላነሳችም፣ ሳይረንንም፣ ግራጫ ኮቱንም። «ያ ልጅ» አለች፤ «ሻሾቹን ሲቆጥር የሚያውቀን መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ጠጠር አገኘች፣ አውጥታ ጣለች፣ መልቀሙን ቀጠለች።

አሁን እትዬ ከእኔ ጋር ናት። እኔ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፤ ጧት ስወጣ እሷ መስኮቱ አጠገብ ትቀራለች፣ ደረጃ መውጣት አትችልም። የጎረቤት ሁለት ሕፃናት ይመጡላታል። ሬዲዮኑን ትከፍትላቸዋለች።